ከአልጋ ወደ አስፋልት

ልደታ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። የልደታ ማርያም ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች በሩን ተሳልመው ይገባሉ። ከኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መካከል ደግሞ ቱታ የለበሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ብቅ ይሉና በባቡሩ ድልድይ ሥር ወደ ሜክሲኮ አቅጣጫ ሶምሶማ ይጀምራሉ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ቁጥራቸው ይበረክታል፤ ኅዳር ሲገባ ታላቁ ሩጫ የተባለው የጎዳና ውድድር አለ።

ያው ወቅት ግን ጉንፋኑም ታይፎይዱም ከየቤቱ የማይጠፋበት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ሲዘጋጅ የከረመ ሰው፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትኩሳት ይይዘውና አልጋ ላይ ይውላል። ዐሥር ቀን ይተኛል። አጥሚት ይቀርብለታል፣ ዳማከሴ ይታሽለታል፣ ሳይሻለው ሲቀር ክሊኒክ ሄዶ መርፌና ክኒን ይዞ ይመለሳል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳቱ ለቆት ያድራል። ምግብ ይጣፍጠዋል። መስኮቱን ሲከፍት ጎረቤቱ በላብ ተጠምቆ ከሩጫ ሲመለስ ያያል። ከዚያ ወዲያ ጫማውን ከአልጋ ሥር መፈለግ ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያች ጠዋት ነው። ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ያስባል፤ ተሳስቷል ለማለትም ያስቸግራል፤ ስሜቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን መዳኑ የተሰማው ሰውነቱ ከመዳኑ በፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንዳንዴ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት ወር ይሆናል፤ ሯጭ የሚጎዳው በዚያ መካከል ነው።

ከሕመም ተነሥቶ ስለመሮጥ ሲወራ አዲስ አበባ ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው ስም የሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በ1957 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ ላይ አበበ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ደብረ ዘይት ላይ ሲለማመድ ሆዱን ያመዋል። ችሎት ሊያልፍ ቢሞክር አልቻለም፤ ወደቀ። የትርፍ አንጀት ሕመም ነበር። መስከረም 6 ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በዚያው ወር ከሆስፒታል ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን ደግሞ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ስታዲየም ውስጥ ሲደርስ አበበ ከገባ አራት ደቂቃ አልፎታል፤ እስከዚያ ድረስ ሻምበል ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። ሆዱ በቢላ ከተከፈተ ገና 35 ቀኑ ነው።

ታሪኩ እውነት ነው፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቢኮራበት ይገባዋል። ጉዳቱ የሚመጣው እንደ ሐኪም ማዘዣ ሲነገር ነው። «አበበ በአምስት ሳምንት ማራቶን ከሮጠ እኔ ከጉንፋን ተነሥቼ 10 ኪሎ ሜትር እንዴት ያቅተኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። የትርፍ አንጀት ሕመም አንድ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሕመም ነው። ሳይፈነዳ ተቆርጦ ከወጣ ምንጩ አብሮት ይወጣል፤ የሚቀረው ቁስሉ እስኪሽር መጠበቅ ነው። ልብና ሳንባ አልተነኩም፣ ደምም አልተበከለም። አበበ አልጋ ላይ የዋለው ለቀናት እንጂ ለሳምንታት አይደለም። ከአልጋው በፊት ደግሞ የዓመታት ልምምድ ነበረው፣ እንደ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያለ አሠልጣኝም አጠገቡ ነበር። ከታይፎይድ ወይም ከሳንባ ምች የተነሣ ሰው በአበበ ቀን ቆጠራ ራሱን ሊለካ አይችልም።

አልጋ ራሱ ምን ያህል እንደሚያደክም የተለካበት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ዳላስ ውስጥ ሐኪሞች አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አዋሏቸው። ወጣቶቹ ትኩሳትም ሕመምም አልነበራቸውም፤ ሥራቸው መተኛት ብቻ ነበር። ሲነሡ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሰዎቹ 50 ዓመት ሲሞላቸው፣ ሐኪሞቹ ፈልገው አገኟቸውና እንደገና ለኳቸው። በ20 ዓመታቸው ያሳለፉት የሦስት ሳምንት መኝታ፣ ከዚያ ወዲህ ካለፈው የ30 ዓመት እርጅና ይልቅ አቅማቸውን ጎድቶት ነበር።

ከጥናቱ ውስጥ ሯጭ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከአምስቱ ሁለቱ ስፖርት የለመዱ፣ ሦስቱ ያልለመዱ ነበሩ። ከአልጋ ተነሥተው ልምምድ ሲጀምሩ ቀድሞ ወደነበሩበት አቅም ለመመለስ ረጅም ጊዜ የፈጀባቸው ስፖርተኞቹ ናቸው። ከፍ ካለ ቦታ የወረደ ሰው የሚወጣው ዳገት ረጅም ስለሆነ ነው። «እኔ እኮ ሯጭ ነኝ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» የሚለው እምነት እንግዲህ ከዚህ ጋር ይጋጫል።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ለባሕር ወለል በቀረበችው ዳላስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ እዚህ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛው የልደታ ነዋሪ ይህን አያውቀውም፤ ደሙ ለምዶታል። ሰው ሲተኛ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል። ትኩሳትና ተቅማጥ ሲጨመሩበት ይብስበታል። ፈሳሹ ያነሰው ደም በእያንዳንዱ የልብ ምት የሚደርሰው በጥቂቱ ነው፤ ልብ ጉድለቱን ለመሙላት ደጋግማ ትመታለች። ከሕመም የተነሣ ሰው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ልቡ ጆሮው ውስጥ የሚደልቀው ለዚህ ነው። ደረጃው ዋሽቶ አያውቅም። ደረጃውን ሳያለከልኩ መውጣት ያልቻለ ሰው የሩጫ ጫማ የሚያስርበት ጊዜ አልደረሰም።

እዚህ ላይ በየሰፈሩ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ «ላብ ያወጣዋል» ይባላል። ጉንፋን የጀመረው ወጣት ወፍራም ሹራብ ደርቦ ይሮጣል፣ በላብ ይታጠባል፣ በማግሥቱ ቀለል ካለው ልማዱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ቀላል ጉንፋን በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ ማንም አያስታውስም። አደጋው ያለው ጉንፋን መስሎ የመጣው ሌላ ሲሆን ነው። አንዳንድ ቫይረሶች የልብን ጡንቻ ያቆስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ጥናት ኮክሳኪ የተባለ ቫይረስ የተሰጣቸው አይጦች እንዲዋኙ ሲደረግ፣ ቫይረሱ ልባቸው ውስጥ ካረፉት አይጦች ይልቅ እጅግ ተራብቶ ተገኝቷል፤ የሞቱትም በዝተዋል። በሰው ላይ ደግሞ የስዊድን ታሪክ አለ። ካርታና ኮምፓስ ይዘው በጫካ ውስጥ የሚወዳደሩ 16 ወጣት የስዊድን ሯጮች እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 ድረስ ልባቸው በድንገት ቆሞ ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር በብዛት የተገኘው የልብ ጡንቻ ቁስለት ነበር። የስፖርቱ ፌዴሬሽን በ1992 መጨረሻ ልምምድና ውድድር ለስድስት ወር እንዲቆም እስከማድረግ ደርሷል።

ስለዚህ የስፖርት ሐኪሞች አንገትን እንደ ድንበር ይጠቀሙበታል። ምልክቱ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለት አፍንጫ ማፍሰስ፣ ማስነጠስ፣ ትንሽ የጉሮሮ መከርከር፣ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ አይከለከልም። ከአንገት በታች ከወረደ፣ ማለትም ትኩሳት፣ ደረት ውስጥ የሚሰማ ሳል፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ማስመለስና ተቅማጥ ካለ፣ ሩጫ የለም። ደረት ላይ የሚያፍን ሕመም፣ ያለ ምክንያት የልብ መደለቅ፣ ሲሮጡ ራስን መሳት ሲኖር ደግሞ ሐኪም ሳያይ አንድ እርምጃ አይሮጥም። የልብ ጡንቻ ቁስለት መኖሩ ከተረጋገጠ የተለመደው የሐኪሞች ምክር ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከስፖርት መራቅ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ የጉሮሮ ሕመም እንደ ቀላል የማይታይበት የራሱ ምክንያት አለው። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም በቂ ሕክምና ካላገኘ በልጆችና በወጣቶች ላይ የልብ በር የሚያበላሸውን የሩማቲክ የልብ ሕመም ያስከትላል፤ ይህ ሕመም በኢትዮጵያ ወጣቶች ዘንድ ዛሬም ብዙ ነው። ከጉሮሮ ሕመም ጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበቱና ክርኑ እየተቀያየረ የሚያብጥበት፣ ሲሮጥ ትንፋሽ የሚያጥረው ታዳጊ «ሰነፈ» ብሎ አሠልጣኝ ሊቆጣው አይገባም። ልቡ ሊደመጥ ይገባል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ጤና ጣቢያም ከየወረዳው አይጠፋም።

ስለ ታይፎይድ ሲወራ ስለ ክኒኑም መወራት አለበት። በየፋርማሲው «ሲፕሮ» ተብሎ የሚጠራው ሲፕሮፍሎክሳሲን ለታይፎይድም ለተቅማጥም ለሽንት ቧንቧ ሕመምም ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን እሱና ዘመዶቹ የሆኑ መድኃኒቶች ጅማትን ሊጎዱ፣ ከሁሉ ይልቅ ከተረከዝ በላይ ያለውን ትልቁን ጅማት ሊበጥሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ በጥቁር ሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አዟል። ጉዳቱ መድኃኒቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥም፣ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት አብረው የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

አንድ ሯጭ ይህን ሳያውቅ ክኒኑን ጨርሶ በሳምንቱ ዳገት ላይ ፍጥነት ሊለማመድ ይወጣል። ተረከዙ ላይ የሚሰማውን ሕመም «ከመተኛት የመጣ መተሳሰር ነው» ብሎ ይስበዋል፣ ያሸዋል፣ በላዩ ይሮጥበታል። መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን ማቋረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ታይፎይድ በግማሽ ከታከመ ሊያገረሽ ይችላል፤ አንጀት እስከመብሳትም ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው አስቀድሞ ለሐኪሙ «እሮጣለሁ» ብሎ መናገር፣ የታዘዘው ሲፕሮ ከሆነ ዝላይና ዳገትን ለሳምንታት ማቆየት፣ ጅማቱ ላይ ሕመም ሲሰማ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሯጭ ግን ከበሽታው ይልቅ ሯጭነቱን ነው ለሐኪም ሳይናገር የሚወጣው።

እንዴት ይጀመር? ኮቪድ ከመጣ ወዲህ የእንግሊዝ የስፖርት ሐኪሞች ያወጡት ቅደም ተከተል ለሌሎች ትኩሳት ላላቸው ሕመሞችም ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 10 ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት ምንም ምልክት ሳይኖርና ያለ መድኃኒት ሊያልፉ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የእንቅስቃሴ ቀናት ከ15 ደቂቃ አይበልጡም፤ የልብ ምቱም ከከፍተኛው 70 በመቶ አያልፍም። ከፍተኛው ምት በግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው፤ የ35 ዓመት ሰው ከሆነ በደቂቃ 130 ላይ መቆም አለበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ደቂቃው፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ይጨመራል። ሁሉ ነገር ያለ እንቅፋት ቢሄድ እንኳ ወደ ሙሉ ልምምድ ለመመለስ 17 ቀን ገደማ ይፈጃል። ይህ ሕመማቸው ቀላል ለነበረ ስፖርተኞች የተጻፈ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው በሐኪሙ ቀን ይመራል።

ልደታ ላይ ይህን ለመፈጸም ሰዓትም ሜዳም አያስፈልግም። የባቡሩ መስመር መለኪያ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልደታ ጣቢያ እስከ ተግባረ ዕድ ድረስ በእግር ሄዶ መመለስ ነው፤ ምንም ሩጫ የለም። ይህ ሳያደክም ሦስት አራት ቀን ካለፈ ድልድዩን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቆጣሪ ይሆናሉ፦ አምስት ምሰሶ በእርምጃ፣ አንድ ምሰሶ በሶምሶማ። በሚቀጥለው ሳምንት አራት በእርምጃ፣ ሁለት በሶምሶማ። ሶምሶማው ልክ መሆኑ የሚታወቀው በንግግር ነው። እየሮጠ «አባታችን ሆይ»ን ወይም ፋቲሓን ቃል ሳይሰብር እስከ መጨረሻው መድገም የቻለ ሰው ፍጥነቱ ትክክል ነው። መሐል ላይ ለትንፋሽ ከቆመ ሮጧል እንጂ አላገገመም።

ሌላው መለኪያ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የሚደረግ ነው። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ ከአውራ ጣት በታች ማሳረፍና አንድ ደቂቃ መቁጠር። በጤናው ጊዜ 56 የነበረ ምት ዛሬ 68 ከሆነ ሰውነቱ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ያ ቀን የዕረፍት ነው። ይህን ቁጥር በጤና ጊዜ የጻፈ ሯጭ ጥቂት ነው፤ ባይታመሙም ዛሬ መጀመር ያዋጣል።

ሰዓቱም ይመረጥ። ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መንገድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ በታክሲና በአውቶቡስ ጭስ ይሞላል፤ ከሳንባ ሕመም ለተነሣ ሰው ያ ጭስ ሌላ ሕመም ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአስም ሕመም ያለበት ሯጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግን የአየር ብክለት ፈርቶ የኦሎምፒኩን ማራቶን ተወው፤ እዚያ 10 ሺሕ ሜትር ብቻ ሮጠ። በተከታዩ ወር በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ኦሎምፒክን ያህል ነገር ለሳንባው ሲል የተወ ሰው ካለ፣ የአንድ ጠዋት ልምምድ መተው ለማንም አይከብድም።

ምግቡ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ አጥሚቱም ምስሩም እንቁላሉም ቦታ አላቸው፣ ከሁሉ በፊት ግን ውኃ። ጾም ላይ የሚታመሙ ምእመናን ግን አንድ ነገር ይወቁ። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም፤ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር በቂ ነው። እየጾሙ ማገገምና እየጾሙ መሮጥ በአንድ ላይ ለተጎዳ ሰውነት ይከብዳሉ።

አበበን ከቶኪዮ ጋር የሚያነሣ ሁሉ የሜክሲኮ ሲቲውን ኦሎምፒክም ቢያነሣ ፍርዱ የተሟላ ይሆን ነበር። በ1959 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ስፔን ውስጥ ሲወዳደር እግሩን ተጎዳ። በጀርመን ታከመ፣ ተለማመደ፣ ግን እግሩ እንደ ትርፍ አንጀቱ ተቆርጦ የሚጣል አልነበረም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ውድድሩን አቋረጠ። ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስጠበቀ። አበበ ያው አበበ ነበር፤ ጽናቱም አልቀነሰም። የተለየው ጉዳቱ ነው።

ኃይሌም የሚነገርለት ሌላ መመለስ አለው። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በተረከዙ ጅማት ሕመም እየተሠቃየ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀደመ፤ ከዚያ በኋላ ጅማቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ወራት አረፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኤድመንተን ላይ ሲመለስ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አራት ጊዜ ወርቅ በወሰደበት የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺሕ ሜትር ሦስተኛ ወጣ። ሦስተኛነቱን ተቀብሎ ልምምዱን ቀጠለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ብሪስቶል ላይ በግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ሲካሄድም አሸናፊው እሱ ነበር።

ያ ውድድር ከዚያ ወዲህ በኮቪድ ጊዜ እንኳ ወሩ ተገፋ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ ልደታ ላይ ከአልጋ ተነሥተው መስኮት የከፈቱ አንባቢ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀዎ ሰባት ቀን ይቁጠሩ። ከዚያ በፊት ጎረቤትዎ «ና እንውጣ» ካለዎ እስከ ተግባረ ዕድ በእግር እንዲሸኝዎ ይጠይቁት። ደረትዎን ካመመዎ ወይም ከዞረብዎ ጫማውን አውልቀው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡም ስምዎንና ዕድሜዎን ከተናገሩ በኋላ ሯጭ መሆንዎን ይንገሩት።